ሳልጠየቅ የተሸኘሁበት እሑድ

አባቴ ክልል ልቀይር መሆኔን የነገረኝ ከጥርሱ መሃል የአሳ እሾህ እያወጣ ነው። ቅዳሜ ምሳ ላይ ነበርን። እናቴ ከጫሞ ሐይቅ የመጣ አሳ ጠብሳ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ዳጣ በጎን አቅርባለች። አባቴ እሾሁን አወጣና ሰሃኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ «ደብረ ብርሃን ያለው ዩኒቨርሲቲ የመስኖ ትምህርት አለው። አጣርቻለሁ» አለ።

«ለማን ነው ያጣራኸው?» አልኩት።

«ለማን ይመስልሻል? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልማር ነው?»

እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አባቴ ሌላ ቁራጭ አነሳ፤ ነገሩ በእሱ በኩል አልቋል።

እነሱ የሚሄዱበትን ምክንያት አውቃለሁ፤ በእሱ ላይ ክርክር አልነበረኝም። አባቴ አርባ ምንጭ የመጣው ገና ጢሙ በደንብ ሳይወጣ፣ ኬሚስትሪ እንዲያስተምር ተመድቦ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙቀቱን እየረገመ፣ የወባ ትንኙን እየረገመ፣ ኋላም ባጃጁን እየረገመ እዚሁ ሸበተ። በዚያ ዓመት ጡረታ ወጣ። እናቱ፣ ማለትም አያቴ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች የገጠር መንደር ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ሰው የሚለዩት በድምፁ ሆኗል። አብሯቸው የነበረው አጎቴ ደግሞ ለሥራ ርቆ ሄደ። እናቱን ለጎረቤት ትቶ እዚህ ሙዝ እየበላ የሚቀመጥ ሰው አባቴ አይደለም።

እናቴም ትሄዳለች። እሷ የጋሞ ደጋ ልጅ ናት፤ ጨንቻ በኩል፣ ጠዋት ጠዋት ጉሙ በር ከፍቶ ቤት የሚገባ የሚመስልበት ቦታ ነው የተወለደችው። ሲቀላ ገበያ የነበራትን የጋቢ መደብር ለእህቷ አስረክባለች። ጎረቤቶች «የሸዋን ብርድ እንዴት ትችይዋለሽ?» ሲሏት «ብርድማ የእኔ ነው፤ የከበደኝ የእናንተ ሙቀት ነበር» እያለች ታስቃቸዋለች። አባቴ ከመወሰኑ በፊት ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው እንደተማከሩ፣ «ትመጫለሽ ወይ?» ብሎም እንደጠየቃት በኋላ ነው የሰማሁት።

እኔን ግን አልጠየቀኝም።

ሦስተኛ ዓመት እየጨረስኩ ነበር። አርባ ምንጭ ተወልዶ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መመደብ ምን ማለት እንደሆነ የእኛ ሰፈር እናቶች ይንገሩህ። ምደባ በወጣ ጊዜ አንዱ ልጅ ሰመራ፣ አንዷ ጅግጅጋ፣ አንዱ ደምቢ ዶሎ ደርሶት ሻንጣ ሲፈለግ እኔ ከቤቴ በባጃጅ የምሄድበት ደረሰኝ። ጎረቤታችን «ይቺን ልጅ ምን ያህል ቢጸልዩላት ነው!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ዕጣው እዚሁ ያስቀረኝን እኔን አሁን አባቴ ሊያስነሳኝ ነው። እኔ ደግሞ መነሳት አልፈለግኩም። ይህን በልቤ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ተጠራጥሬው አላውቅም። የተጠራጠርኩት፣ እነሱ እየሄዱ እኔ አልሄድም የማለት መብት አለኝ ወይ የሚለውን ነው።

ለምን መቅረት ፈለግሽ ብትሉኝ ብዙ ምክንያት አልደረድርም። ጫኖ ነው ምክንያቴ። ትምህርት ክፍላችን ለመስክ ሥራ ከከተማው ወጣ ያለችው ጫኖ የሙዝ ማሳዎች ውስጥ አሰማራን። ሐሬ ወንዝ ተጠልፎ በቦይ ይመጣል፤ ከቦዩ አፍ ላይ ያሉት ገበሬዎች ሙዛቸው ዛፍ አክሎ ያድጋል፤ ከቦዩ መጨረሻ ያሉት ግን ተራቸው ሲደርስ ውሃው አይደርስም። ጓደኞቼ መስኩ እንዳለቀ ጫማቸውን አጥበው ረሱት። እኔ ውሃው የት እንደሚጠፋ ሳላውቅ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። በየቅዳሜው ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሬ ጫኖ እወርድና ቦዩን ተከትዬ እሄዳለሁ፤ የት እንደሚሰርግ፣ የት እንደሚሰረቅ እለካለሁ። ከመጨረሻው ማሳ ያለችው ባለ ሙዝ፣ ባሏ የሞተባት ሴትዮ፣ «መጣሽ ደግሞ? ውሃው ግን አልመጣም!» እያለች ትቀልድብኛለች። እሷ ማሳ ውሃ ሳላደርስ ወደ የትም መሄድ አልፈልግም ነበር። ደብረ ብርሃን ገብስ አለ፣ በግ አለ፣ ጥሩ መምህራንም ይኖራሉ፤ የእኔ ቦይ ግን እዚያ የለም።

አባቴ በበኩሉ ሹራብ ገዛልኝ። በአርባ ምንጭ ፀሐይ ወፍራም ሹራብ ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ የሲቀላን ልባሽ ጨርቅ ገበያ አገላብጦ መሆን አለበት። አንገቱ የሚታጠፍ፣ ጥቁር ቡናማ፣ የበግ ጠረን ያለው ሹራብ ነው። «ልበሺው እስቲ» አለኝ። እንደ ለበስኩት ላቤ በጀርባዬ መውረድ ጀመረ።

«አባዬ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ላናግርህ ፈልጌ ነበር።»

«እጅጌው አጠረ እንዴ?»

«እጅጌው ደህና ነው። እኔ የምለው…»

«ትከሻው ላይ ትንሽ ሰፋ። ችግር የለም፤ እዚያ ስትሄጂ ከሥር ትደርቢበታለሽ» አለና ደስ ብሎት ሄደ።

ይህ የእሱ መንገድ ነው። ክፍል ውስጥ ተማሪ እጁን ሳያነሳ ከተናገረ የማይሰማ ሰው ነበር፤ ቤት ውስጥ ደግሞ እጅ የሚነሳበትን ጊዜ አይሰጥም። ሦስት አራት ጊዜ ሞከርኩ። አንድ ጊዜ ስለ ብርድ ልብስ አወራኝ፤ አንድ ጊዜ ስለ አያቴ። ስለ አያቴ ሲያወራ አፌ ይያዛል። ሃይስኩል እያለሁ አብሬው ሄጄ ነበር፤ የአጎቶቼ ልጆች አማርኛዬን እየደገሙ ሲስቁብኝ አያቴ በሁለት እጃቸው ፊቴን ይዘው፣ ግንባሬንም አፍንጫዬንም በጣታቸው ዳስሰው «ይሄ የእኔ አፍንጫ ነው» አሉ። ያንን እጅ አልረሳሁትም። እሳቸው ዘንድ መሄድ የምፈልግበት ቀን ነበር፤ ዋሽቼ የለም አልልም። ግን ለመጠየቅ መሄድ ሌላ፣ ተነቅሎ መሄድ ሌላ ነው።

እንዲህ እየተባባልን፣ ወይም ሳንባባል፣ የሽኝቱ ቀን ደረሰ።

የሰፈራችን ዕድር ለሚሄድ ሰው ሽኝት ያደርጋል። ይሄ በየትም ያለ ነው። የእኛ ዕድር ግን ከደጋ የወረደ አንድ ወግ አለው። ሰፈሩን የመሠረቱት አብዛኞቹ የጋሞ ሰዎች፣ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች ናቸው፤ ኋላ ነው መምህራኑና የመንግሥት ሠራተኛው የተቀላቀለው። በጋሞ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ያጠፋኸው ወይም የተበደልከው ነገር ሳይነገር፣ ሳይታረቅ ከቀረ ጎሜ ሆኖ ይከተልሃል፤ ከብቱም ልጁም ላይ ይወርዳል ይላሉ። ስለዚህ ማንም ሰው ቅያሜ በሆዱ ይዞ ከሰፈር አይሸኝም። ሽማግሌው ለሚሄደው ሰው እርጥብ ሳር ያስይዘዋል፤ «እዚህ ትተኸው የምትሄድ ቅያሜ አለህ?» ይለዋል። ሳሩን የያዘ ሰው አይዋሽም። አለኝ ካለ ነገሩ እዚያው ይሰማል፤ እስኪታረቅ ድረስ ደግሞ አይሸኝም። በተግባር ግን ሁሉም «የለኝም፤ ሰላም ነኝ» ይላል፤ ሥጋው ይቀርባል።

አባቴ ለብዙ ዓመት የዕድሩ ሊቀመንበር ነበር። ያንን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀ እሱም አያውቀው። የሰሜን ሰው ሆኖ የደጋውን ወግ ከደጋ ሰው በላይ ያጠብቅ ነበር፤ ሳሩ ጠውልጎ ከመጣ ሌላ አጭዳችሁ አምጡ የሚል ሰው ነው። ግን እሱም ቢሆን ጥያቄውን እንደ ወግ እንጂ እንደ ጥያቄ ካሰበው ቆይቶ ነበር መሰለኝ። ለዕድሩ ሲያሳውቅም «ልንሄድ ነው» ነው ያላቸው። እነሱም እኛን ሦስት አድርገው ቆጠሩን፤ ለተሸኚ የሚሰጠውንም ጋቢ ሦስት አሠሩ።

የዚያን ዋዜማ እናቴ ጓዳ ዳጣ ትወቅጣለች፤ ለመንገድ የሚሆን። እኔ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ።

«ነገ የሚጠይቁሽን ታውቂያለሽ አይደል?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ አስቢበት» አለችና መውቀጧን ቀጠለች። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ሽንኩርቱን እየላጥኩ አሰብኩበት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤታችን ግቢ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር የዕድሩ ድንኳን ተተከለ። አግዳሚ ወንበሮቹ ሞሉ። ሊቀመንበሩ ራሱ ተሸኚ ስለሆነ ጥያቄውን የሚጠይቁት በዕድሜ የሁሉ ታላቅ የሆኑት ሸማኔ ሽማግሌ ሆኑ። እኚህ ሰው አማርኛን ያወቁት በገበያ ነው፤ ለወንድም ለሴትም፣ ለትልቅም ለትንሽም አንድ «አንተ» ነበራቸው፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

መጀመሪያ ሳሩን ለአባቴ ሰጡት። «መምህር፣ ቅያሜ አለህ?»

«የለኝም። ሰላም ነኝ» አለ አባቴ፣ ፈጥኖ።

ቀጥሎ እናቴ ያዘች። «አለኝ» አለች። ሰው ሁሉ ዞረ። «ከእሷ ጋር» ብላ ማዶ ያለችውን ጎረቤቷን ጠቆመች። «ዶሮዬን አስፈልፍዬ እመልሳለሁ ብላ ወስዳ ከነጫጩቶቹ ቀረች።» ሴትዮዋ በሳቅ ወደቀች፤ «ዶሮሽንማ ሽለምጥማጥ በላት፤ አፍሬ ነው!» አለች። ተሳሳሙ። ሽማግሌው «ታረቀ» አሉ። እናቴ ሳሩን ስታቀብለኝ ዓይኔን አየችኝ። ዶሮዋን ያን ያህል እንደማትፈልጋት አውቃለሁ። መንገዱን እየጠረገችልኝ ነበር።

«አንተስ፣ ልጄ? ቅያሜ አለህ?» አሉኝ ሽማግሌው።

ሳሩ እርጥብ ነው፤ እጄን ቀዘቀዘኝ። «አለኝ» አልኩ።

«ከማን ጋር?»

«ከአባቴ ጋር።»

ጉርምርምታ ሆነ። አንዲት ሴት «ወይኔ» ስትል ሰማሁ። አባቴ ሰው ሁሉ ፊት የተሳደብኩ ያህል ደነገጠ። የእኔ ድምፅ ግን አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

«ምን በደለህ?»

«አልጠየቀኝም። እሱና እናቴ ተጠያይቀው ወሰኑ። እኔን ግን እንደ ሻንጣ ከዕቃው ጋር ነው የቆጠረኝ። ሹራብ ገዛልኝ እንጂ ትመጫለሽ ወይ አላለኝም።»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቃት?» አለ አባቴ ወደ ሽማግሌው ዞሮ። «ልጄ ናት። እኛ ሄደን እሷ የት ትቀራለች? ይሄ ይጠየቃል እንዴ?»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ሳሩን ከእኔ እጅ ወስደው ግማሹን ለእሱ ሰጡት። «መምህር፣ ወጉን አንተ ታውቃለህ። ለሰው ሁሉ ስትጠይቅ ነበር። አሁን ጠይቀው» አሉት፤ እኔን ማለታቸው ነው።

አባቴ ሳሩን ይዞ ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው እንደ ተጠራ ተማሪ ቀጥ አለ። ከዚያ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እኔ በማላውቀው ቀስ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ከእኛ ጋር ትመጫለሽ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ለወራት ስጠብቀው ነበር፤ መልሱንም ለወራት ይዤው ነበር። ሆኖም እንዲህ ሲጠይቀኝ ልሂድለት ቃጣኝ። እንዴት እንደምወደው ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። «አልመጣም አባዬ» አልኩት። «እዚህ የጀመርኩት አለ። ተመርቄ እመጣለሁ፤ እስከዚያም በየክረምቱ እመጣለሁ። አያቴን እወዳቸዋለሁ። ግን አሁን ተነቅዬ አልመጣም።» ስለ ጫኖ ቦይ፣ ስለ ባለ ሙዟ ሴትዮ ተናገርኩ። አክስቴ፣ የእናቴ እህት፣ ከኋላ ወንበር ተነስታ «እኔ ቤት ትሆናለች፤ አልጋም አለ» አለች። እሷና እናቴ ይሄን ከመቼ ጀምሮ እንደተነጋገሩበት እግዜር ይወቅ።

አባቴ ሳሩን በጣቱ አሽከረከረ። «ሰማሁ» አለ በመጨረሻ። ከእሱ አፍ ያ ቃል ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር ማለት እችላለሁ።

ሽማግሌው «ታረቀ» ይሉና ያበቃል ብዬ ስጠብቅ፣ እሳቸው አባቴን ትክ ብለው አዩት። ሳሩ አሁንም እጁ ላይ ነው። «መምህር፣ ቅድም ፈጥነህ መለስክ» አሉት። «አሁንስ? ቅያሜ አለህ?»

«አለኝ» አለ አባቴ።

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

«እኔንም የጠየቀኝ የለም» አለ። «ያኔ ወጣት ሆኜ ወደዚህ ሲመድቡኝ አልጠየቁኝም፤ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት። አሁን ደግሞ መሄድ ግድ ሆነብኝ፤ እናቴ ናት፣ እሄዳለሁ። ግን ትፈልጋለህ ወይ ያለኝ ሰው የለም። አልፈልግም። እዚህ መሞት ነበር የምፈልገው።» ያ ሙቀቱን ሲረግም የኖረ ሰው ይህን ተናግሮ ሳሩን እያየ ቀረ። ብዙ ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

«ቅያሜህ ከማን ጋር ነው?» አሉት ሽማግሌው።

«ከማንም ጋር አይደለም።»

ሽማግሌው አሰቡበት። «ከማንም ጋር ያልሆነውን እኛ ማስታረቅ አንችልም መምህር» አሉት። «ግን ሰምተናል።» ተነስተው ትከሻውን አቀፉት። ሌሎቹም እየተነሱ አቀፉት፤ ሥጋው ቀዘቀዘ።

ጋቢ ሲታደል ደግሞ ክርክር ተነሳ። ሦስት ተሠርቷል፤ ሁለት ሰው ነው የሚሄደው። አንዳንዱ ለልጅቷ ይሰጣት አለ። ሽማግሌው አልተቀበሉም፤ ጋቢው ለሚሄድ ሰው ነው፣ ያልሄደ ሰው ምን ብሎ ይለብሳል አሉ። ስለዚህ ጋቢዬ እስከ ዛሬ ከዕድሩ ድስትና ሰሃን ጋር ተቆልፎበታል። አንዳንድ ጎረቤት መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «አልሄድሽም እንዴ? ጋቢሽ በብል ሊያልቅ ነው» ይለኛል።

በአውቶቡስ መናኸሪያው አባቴ ብዙ አላወራም። መስኮቱን ከፍቶ «ሹራቡን ለክረምት ስትመጪ ይዘሽው ነይ» አለኝ። ከዚያ ቆም አለና «ማለቴ፣ ከፈለግሽ» አለ። እናቴ ከጎኑ ሆና ሳቀችበት።

ቃሌን ጠበቅኩ፤ መንገዱ ደህና በሆነበት ክረምት ሁሉ ሄድኩ። ሹራቡ እዚያ ልክ ሆነ፤ ትከሻው ላይ ግን አሁንም ይሰፋል። ውሃውም ባለፈው በጋ ከመጨረሻው ማሳ ደረሰ። ሙሉ በሙሉ የእኔ ሥራ ነው አልልም፣ ግማሹ ግን የእኔ ነው። ባለ ሙዟ ሴትዮ አንድ ሙሉ ዘለላ በባጃጅ ጭና አክስቴ ቤት ላከችልኝ።

አሁን ልመረቅ ነው። ባለፈው እሑድ ለአባቴ ደወልኩ። አያቴን ለአንድ ቀን እንኳ ለሰው ትቶ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ እናቴ ብቻ እንደምትመጣ ከተነጋገርን ቆይተናል። ሆኖም ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ለምረቃዬ ትመጣለህ?»

ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ከኋላው አያቴ «ማን ነው?» ሲሉ ሰማሁ።

«ልጅቷ ናት» አላቸው። «ትመጣለህ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች።»

«ታዲያ ለምን ዝም ትላታለህ? መልስላት እንጂ!» አሉት።

አባቴ ስልኩን ወደ አፉ መልሶ አቀረበ፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«እፈልጋለሁ» አለኝ።